የልጅ ልጆች የካልካር አውሮፕላን፦ የሚስማማው ቀለምና የሚበላው ቀለም

ልጁ አውሮፕላኑን ከመትናስ ይዞ መጥቷል። ከነጭ ካልካር የተሠራ፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር የሚሆን፣ ሳምንታት ሙሉ በሁግ ሲቆርጠውና ሲያጣብቀው የቆየ ነው። የቀረው ቀለም ብቻ ነው። አያቱ ደግሞ ሚርፔሴት ላይ አንድ የስፕሬይ ቀለም መቀመጡን ያስታውሳሉ፤ የበሩን ብረት ቀብተውበት የተረፈ ነው። ደማቅ ቀይ ነው፣ ገንዘብም አያስወጣም። «ና እስቲ የኔ ልጅ፣ አብረን እንቀባዋለን» ይላሉ።

ቀለሙ ክንፉ ላይ እንዳረፈ ለጥቂት ሰከንድ ያምራል። ከዚያ ላዩ መሸብሸብ ይጀምራል፤ እዚህም እዚያም ጉድጓድ ይከፈታል፤ ቀጭኑ የክንፍ ጠርዝ እየሟሸሸ ወደ ውስጥ ይገባል። ልጁ ቀና ብሎ «ሳባ፣ ምን ሆነ?» ይላል። አያት መልስ የላቸውም። ቀለም ሲቀቡ ይህ የመጀመሪያቸው አይደለም፤ ግድግዳም፣ በርም፣ የመስኮት ብረትም ቀብተዋል። እንዲህ ያለ ነገር ግን አይተው አያውቁም።

ይህ በብዙ ቤት ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። የአያትየው ጥፋት አይደለም፣ የቀለሙም ብልሽት አይደለም። ያው ቀለም ብረቱን አሳምሮታል። ካልካሩን የበላው ምክንያት ስላለው ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ደግሞ ሱቅ ገብቶ ትክክለኛውን ቀለም ለመምረጥ የኬሚስትሪ ትምህርት አያስፈልገውም።

ካልካር ምንድን ነው?

ካልካር የሚባለው ነጭ ነገር ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠራ ነው። አሠራሩ ከፈንድሻ ጋር ይመሳሰላል። መጀመሪያ ፕላስቲኩ እንደ ስኳር ቅንጣት ደቃቅ ፍሬ ነው። በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ በቀላሉ ወደ ጋዝ የሚለወጥ ፈሳሽ ተቀብሯል። ፍሬው በእንፋሎት ሲሞቅ በውስጡ ያለው ጋዝ ይነፋውና ልክ በቆሎ ፈክቶ ፈንድሻ እንደሚሆን በብዙ እጥፍ ያብጣል። ከዚያ የተነፉት ፍሬዎች በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ገብተው እንደገና በእንፋሎት ይጣበቃሉ። ካልካር ሲሰበር የሚበተኑት ትንንሽ ክብ ነጭ ፍሬዎች እነዚህ ናቸው።

ስለዚህ ካልካር በአብዛኛው አየር ነው። ከመቶው 95 እጅና ከዚያ በላይ የሚሆነው አየር ሲሆን፣ የተረፈው ጥቂት እጅ ብቻ ፕላስቲክ ነው። ያ ፕላስቲክም እንደ እንጀራ ዓይን አየሩን የሚከልል በጣም ስስ ግድግዳ ሆኖ ተዘርግቷል። አውሮፕላኑን ቀላል የሚያደርገው ይህ ነው። ቀለም ሲነካው ቶሎ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጠጣር የፖሊስታይሪን ቁራጭ ቢሆን ኖሮ ላዩ ብቻ በተነካ ነበር። ካልካር ላይ ግን ስሱ ግድግዳ ትንሽ ሲሟሟ አየሩ ይወጣል፣ ቅርጹም ይወድቃል።

ብዙ ሰው «ካልካሩ ቀለጠ» ይላል። ነገሩ ግን የሙቀት ጉዳይ አይደለም። ካልካሩ የሟሟው ስኳር በሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ ነው።

ለምን ይሟሟል?

ጨው በውሃ ይሟሟል፤ በዘይት ውስጥ ቢጨመር ግን ሥር ይተኛል እንጂ አይሟሟም። ቅቤ ደግሞ በተቃራኒው ውሃ ውስጥ አይሟሟም። እያንዳንዱ ነገር የሚሟሟበት የራሱ ፈሳሽ አለው። ፖሊስታይሪን ውሃን አይፈራም። የአሳ መያዣ ሣጥን ከካልካር የሚሠራው ለዚህ ነው። የሚፈራው አሴቶንን፣ ቲነርን፣ ቤንዚንንና እንደ ቶሉኢንና ዛይሊን ያሉ በቀለምና በማጣበቂያ ውስጥ የሚገቡ አሟሚ ፈሳሾችን ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ብዙ ጊዜ አሴቶን ስላለበት አንድ ጠብታ እንኳ ካልካርን ትበሳለች።

ይህን ለልጅ ማሳየት የሚፈልግ አያት አደገኛ ነገር መጠቀም አያስፈልገውም። አንድ ብርቱካን ይበቃል። የብርቱካን ልጣጭ ሲጨመቅ ፊት ላይ ብን የሚለው፣ ዓይን የሚያቃጥለው ዘይት በአብዛኛው ሊሞኒን የሚባል ነገር ነው። ሊሞኒን ፖሊስታይሪንን ያሟሟል። የልጣጩ የውጭ ገጽ በአንድ የካልካር ቁራጭ ላይ አጥብቆ ሲታሽ ላዩ ይጣበቃል፣ ትንሽ ይጎደጉዳል። ቆሻሻ መጣያ የሚገባው የብርቱካን ልጣጭ ይህን ካደረገ፣ ለብረት የተሠራ ስፕሬይ ምን እንደሚያደርግ ልጁ ራሱ ይገባዋል።

ሽታ ያለው ነገር ሁሉ ግን ካልካርን አይበላም። ለምሳሌ አልኮል ፖሊስታይሪንን አያሟሟም። አረቄ ካልካር ላይ ቢፈስ ያረጥበዋል እንጂ አይበሳውም። ስለዚህ በአፍንጫ ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ ቀለሙ በምን ፈሳሽ እንደተበጠበጠ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁሉም ነጭ ፎም አንድ አይደለም

የአውሮፕላን ሞዴል የሚሠራባቸው ፎሞች በዋናነት አራት ናቸው፤ የቀለም ጠባያቸውም ይለያያል።

የመጀመሪያው ተራው ካልካር ነው። ክብ ፍሬዎቹ በዓይን ይታያሉ፣ ሲሰበር ይፈረፈራል፣ ሲታሽ ጢው ጢው ይላል። አሟሚ ፈሳሽን ፈጽሞ አይችልም።

ሁለተኛው በስስ ጣውላ መልክ የሚሸጥ ፎም ሲሆን፣ ሞዴል ሠሪዎች በብዛት ዴፕሮን በሚለው ስሙ ያውቁታል። ፍሬ የለውም፤ ላዩ ለስላሳና ወጥ ነው። እሱም ፖሊስታይሪን ስለሆነ እንደ ካልካሩ ይሟሟል። ለስላሳ ስለሆነ ጠንካራ መምሰሉ ማንንም ሊያታልል አይገባም። ሁለቱም ገጹ በወረቀት የተሸፈነው የፎም ካርቶንም ብዙ ጊዜ ውስጡ ፖሊስታይሪን ነው። ወረቀቱ ለጊዜው ይከላከልለታል፤ በተቆረጠው ጠርዝ በኩል ግን ቀለሙ ገብቶ ውስጡን ይበላዋል።

ሦስተኛው በፋብሪካ ተሠርተው በሣጥን የሚሸጡት በሪሞት የሚበሩ አውሮፕላኖች በብዛት የሚሠሩበት፣ ኢፒኦ የሚባለው ነው። ከካልካር ይልቅ ጠንከር ያለና ቶሎ የማይሰበር ነው። አሟሚ ፈሳሽን ከካልካር ይሻላል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይቋቋመውም።

አራተኛው ኢፒፒ ነው። ከፖሊፕሮፒሊን ይሠራል፤ ታጥፎ ሲለቀቅ ይመለሳል። ለጀማሪ ልጅ የሚመከረው መሬት ላይ ሲወድቅ ስለማይሰበር ነው። አብዛኞቹ የስፕሬይ አሟሚዎች አያሟሙትም። የእሱ ችግር ሌላ ነው፦ ቀለም አይይዝለትም። የደረቀ ቀለም ሲታጠፍ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል።

የትኛው እንደሆነ ያልታወቀ ፎም ሁልጊዜ እንደ ካልካር ቢቆጠር ይሻላል። ለካልካር የሚስማማ ቀለም ከሌሎቹ አንዱንም አያሟሟም።

የሚበሉና የማይበሉ ቀለሞች

ለብረትና ለመኪና የሚሸጠው ተራ ስፕሬይ የመጀመሪያው ጠላት ነው። በውስጡ ያለው አሟሚ ብዙ ነው፤ ቶሎ እንዲደርቅ ተብሎ የሚጨመረውም አሴቶንን የመሰለ ጠንካራ ነገር ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ቀለሙን የሚገፋው ጋዝ ራሱ በአንዳንዱ ስፕሬይ ላይ ፎም የሚያሟሟ ዓይነት ነው።

የዘይት ቀለም ሁለተኛው ነው። በአኳራጅ ወይም በቲነር የሚቀጥን፣ ብሩሹም በእሱ የሚታጠብ ቀለም ለካልካር አይሆንም። እንደ ስፕሬይ ወዲያው ላይጎዳ ይችላል። ነገር ግን ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ አሟሚው ሌሊቱን ሙሉ ፎሙ ላይ ተኝቶ ያድራል። ማታ ደህና የነበረው ክንፍ ጠዋት ተሸብሽቦ ይገኛል።

የሚስማማው በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ነው። ልጆች ለሥዕል የሚጠቀሙበት አክሪሊክ በቱቦ ወይም በትንሽ ጠርሙስ ይሸጣል። ለቤት ግድግዳ የሚሆነው፣ በኢትዮጵያ ብዙ ሰው «ፕላስቲክ ቀለም» የሚለው የውሃ ቀለምም ይሆናል። ሁለቱም እርጥብ ሳሉ በውሃ ይቀጥናሉ፣ ከደረቁ በኋላ ግን ውሃ አያስለቅቃቸውም። ልጆች ትምህርት ቤት የሚጠቀሙበት የጓሽ ቀለምም ፎሙን አይጎዳም፤ ጉድለቱ ጤዛ ወይም ላብ ያለው እጅ ሲነካው መልቀቁ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። አንድ ሰው «አክሪሊክ ቀለም ይስማማል» ሲባል ይሰማና ሱቅ ሄዶ «አክሪሊክ» የሚል ስፕሬይ ያነሳል። አክሪሊክ የሚለው ቃል የሚናገረው ቀለሙ ሲደርቅ ስለሚተርፈው ፕላስቲክ ነው፤ በምን ፈሳሽ እንደተበጠበጠ አይናገርም። የቱቦው አክሪሊክ በውሃ የተበጠበጠ ነው። የስፕሬዩ አክሪሊክ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአሴቶንና በመሰሎቹ የተበጠበጠ ነው። ስማቸው አንድ ሆኖ አንዱ ክንፉን ያስውባል፣ ሌላው ይበላዋል። በውሃ የተበጠበጠ ስፕሬይም በገበያ አለ፤ ቆርቆሮው ላይ ይህ በግልጽ መጻፍ አለበት።

በሱቅ ውስጥ ምን ይታያል? ምን ይጠየቃል?

ቀለም በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ መለያው በዕብራይስጥ በደቃቅ ፊደል ነው። ሁሉን ማንበብ ባይቻል እንኳ ጥቂት ቃላት ይበቃሉ። «አል ባሲስ ማይም» ማለት በውሃ ላይ የተመሠረተ ማለት ነው፤ የሚፈለገው እሱ ነው። «ዳሊክ» ማለት ተቀጣጣይ ማለት ነው። «መዳሌል» ማለት ማቅጠኛ ነው፤ ከአጠገቡ ውሃ የሚል ካለ ጥሩ፣ ቴርፔንቲን የሚል ካለ ግን ቀለሙ ወደ መደርደሪያው ይመለስ።

ቃላቱን ማንበብ ለማይችልም ምልክቶች አሉ። በቀይ መስመር በተከበበ፣ በጫፉ በቆመ አራት ማዕዘን ውስጥ የእሳት ነበልባል ከታየ ዕቃው ተቀጣጣይ ነው። በብሩሽ የሚቀባ ቀለም ላይ ይህ ምልክት ካለ ለካልካር እንደማይሆን መጠርጠር ይገባል። በዚሁ ዓይነት ማዕዘን ውስጥ የሰው ደረት ላይ ኮከብ መሳይ ነገር ከታየ ደግሞ ዕቃው በጤና ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ለልጅ ሥራ ቤት መግባት የለበትም።

ሻጩን መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም። ሆኖም «ለአውሮፕላን የሚሆን ቀለም» ብሎ ከመጠየቅ «ካልካር የማይበላ፣ ብሩሹ በውሃ የሚታጠብ» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ብሩሹ በምን ይታጠባል የሚለው ጥያቄ ብቻውን አብዛኛውን ነገር ይናገራል። በውሃ ከታጠበ ይሆናል፣ በቲነር ከታጠበ አይሆንም።

ከሁሉ በፊት ሙከራ

መለያው ምንም ይበል፣ ሻጩም ምንም ይማል፣ የመጨረሻው ምስክር ፎሙ ራሱ ነው። አውሮፕላኑ ሲቆረጥ የተረፈ ቁራጭ መጣል የለበትም። በቁራጩ ላይ ቀለሙ ወፈር ተደርጎ ይቀባና እስከ ማግስቱ ይቀመጣል። ጠዋት ላይ ላዩ ካልተሸበሸበ፣ በጣት ሲጫኑት ካልለሰለሰና ካልተጣበቀ ቀለሙ አልፏል። ቁራጭ ከሌለ በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ፣ ባትሪው በሚቀመጥበት በማይታየው ቦታ አንዲት ነጥብ ይበቃል።

አንዳንዱ ሰው ፎሙን መጀመሪያ በነጭ የእንጨት ኮላ ወይም በውሃ ቫርኒሽ ይሸፍንና ከላዩ ተራ ስፕሬይ ይረጫል። ይህ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በመርፌ ቀዳዳ የምታህል ያልተሸፈነች ቦታ ከቀረች አሟሚው በእሷ ገብቶ ከሥር ጉድጓድ ይቆፍራል። ላዩ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ባዶ ነው። በማይታይ ቦታ የደከመ ክንፍ ሰማይ ላይ ይሰበራል። ልጅ ለሚያበረው አውሮፕላን ይህ መንገድ አይመከርም።

ቀለም ክብደት አለው

ግድግዳ ሲቀባ ወፈር ያለ ቀለም ሙያ ነው፤ አውሮፕላን ላይ ግን ጉዳት ነው። ሒሳቡን ማየት ይጠቅማል። አንድ ሊትር የግድግዳ ቀለም 1.3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ጊዜ ሲቀባ ወደ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ስለዚህ በአንድ ካሬ ሜትር 130 ግራም ያርፋል። ውሃው ተንኖ ግማሽ ያህሉ ቢቀር 65 ግራም ነው። ክንፉ አንድ ሜትር የሆነ አውሮፕላን ላይና ታቹ፣ ሆዱና ጅራቱ ሲደመር 0.6 ካሬ ሜትር ገደማ ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ሲቀባ 40 ግራም ያህል ተጨመረበት ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ከተቀባ 120 ግራም ይሆናል። አውሮፕላኑ ሲነሳ 600 ግራም ከነበረ ክብደቱ በአንድ አምስተኛ ጨመረ። የከበደ አውሮፕላን ላለመውደቅ ፈጥኖ መብረር አለበት፤ ሲያርፍም መሬቱን በኃይል ይመታል።

ቀለሙ የት እንደተቀባም ለውጥ ያመጣል። አውሮፕላን እንደ ገበያ ሚዛን ነው። የሚዛኑ መካከል ክንፉ ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀምሮ እስከ ሲሶው ባለው ቦታ ውስጥ ይገኛል። ጅራቱ ከዚህ ቦታ ሩቅ ነው፣ አፍንጫው ግን ቅርብ ነው። ከመካከሉ 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ ባለው ጅራት ላይ 10 ግራም ቀለም ቢጨመር፣ ሚዛኑን ለመመለስ 20 ሳንቲ ሜትር ርቆ ባለው አፍንጫ ላይ 25 ግራም ያስፈልጋል። ጅራቱ የከበደ አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ላይ እያነሳ ይወላገዳል፣ ለመቆጣጠርም ያስቸግራል። ስለዚህ ጅራት ላይ ቀለም በስሱ ይሁን፤ ከቀለም በኋላም አውሮፕላኑ ሳይበር በፊት ሚዛኑ በሁለት ጣት ተይዞ እንደገና ይታይ።

አቀባቡ ደረጃ በደረጃ

በመጀመሪያ ፎሙ በለብታ ውሃና በጥቂት ሳሙና በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ። ከፋብሪካ የወጣ ፎም ላዩ ላይ ቅባት ሊኖረው ይችላል፤ የእጅ ቅባትም አለ። ቅባት ባለበት ቀለም አይይዝም። ከዚያ በደንብ ይድረቅ።

ቀጥሎ በጣም ደቃቅ በሆነ ብርጭቆ ወረቀት፣ እጅ ሳይጫን፣ ላዩ ብቻ ይታሽ። ጉድጓድ ካለ ክብደቱ ቀላል በሆነ የግድግዳ ስቱኮ ይሞላና ሲደርቅ ይስተካከል።

ቀለሙ በጥቂት ውሃ ይቅጠን፤ እንደ ወጥ የወፈረ ሳይሆን እንደ ወተት የሚፈስ ይሁን። በለስላሳ ብሩሽ ወይም በትንሽ የስፖንጅ ሮለር በስሱ ይቀባ። የመጀመሪያው ዙር ፎሙን ሙሉ በሙሉ ላይሸፍን ይችላል፤ ያ ስሕተት አይደለም። አንድ ሁለት ሰዓት ደርቆ ሁለተኛው ይደገማል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስስ ዙር ይበቃል። ለማፋጠን ብሎ በጸጉር ማድረቂያ ሙቅ አየር መንፋት ፎሙን ያጣምመዋል።

መስመር ለማውጣት የሚለጠፈው የወረቀት ፕላስተር መጀመሪያ ልብስ ላይ ተለጥፎ ይነሳ፤ ሙጫው ትንሽ ሲደክም ነው ፎም ላይ የሚለጠፈው። እንደ አዲስ ከተለጠፈ ሲነሳ የካልካሩን ፍሬ ይዞ ይነሳል። ክንፉና ጅራቱ ላይ ያሉት የሚንቀሳቀሱ ክፍሎች በሚታጠፉበት መስመር ላይ ቀለም እንዳይጠራቀም ያስፈልጋል፤ ደርቆ ከጠነከረ ሞተሯ ልታንቀሳቅሰው ትቸገራለች።

ቀለም የማይይዘው ኢፒፒ ከሆነ ደግሞ ቀለሙን ትቶ ባለ ቀለም ስስ ፕላስተር መለጠፍ ይቀላል። ከሥር ክንፉንም ያጠነክረዋል።

የትኛው መልክ ይሻላል?

ልጅ ሰማያዊ ወይም ነጭ አውሮፕላን ሊወድ ይችላል። ነገር ግን በሰማይ ላይ የማይታይ አውሮፕላን የሚጠፋ አውሮፕላን ነው። አውሮፕላን ርቆ ሲሄድ አብራሪው ማየት ያለበት ሁለት ነገር ነው፦ የት እንዳለና በየትኛው ጎኑ እንደዞረ። ለዚህ የክንፉ ላይ አንድ መልክ፣ ታቹ ሌላ መልክ ቢሆን ይረዳል፤ ለምሳሌ ላዩ ብርቱካናማ፣ ታቹ ጥቁር ሰፋፊ መስመር ያለው ነጭ።

ሙሉ በሙሉ ጥቁር ግን በእስራኤል በጋ አይመከርም። ጥቁር ነገር የፀሐይን ሙቀት ይስባል። ካልካር ከ80 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ቅርጹን መያዝ ያቅተዋል። በሐምሌ ፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ ከመስታወት ሥር የተተወ ጥቁር ክንፍ ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል። አውሮፕላን ቀለሙ ምንም ይሁን ምን መኪና ውስጥ ተትቶ አይኬድም።

ሙጫም እንደ ቀለም ነው

ቀለሙን በጥንቃቄ የመረጠ ሰው በሙጫ ሊሳሳት ይችላል። ጫማ ሰፊ የሚጠቀምበት ማስቲሽ ካልካርን ያሟሟል። በአንዲት ጠብታ ጣት የሚያጣብቀው ፈጣን ሙጫም ተራው ዓይነት ከሆነ ያሟሟዋል፤ ለፎም ተብሎ የተሠራ ሌላ ዓይነት አለው። ነጩ የእንጨት ኮላ አይጎዳም፤ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ለልጅ ሥራ ከሁሉ የተሻለ ነው። በሙቀት የሚቀልጠው የሽጉጥ ሙጫ ደግሞ በጣም ከጋለ ፎሙን በሙቀቱ ይበሳዋል።

ከፎሙ በላይ የሰው ጤና

ካልካር ቢበላ ሌላ ይገዛል። ሳንባ ግን አይገዛም። የስፕሬይና የቲነር ሽታ ራስ ያዞራል፣ ያስታውካል፣ አስም ያለበትን ሰው ደግሞ ሊያፍነው ይችላል። ለጉንፋን የሚደረገው የጨርቅ ወይም የወረቀት ማስክ ብናኝ ይይዝ እንደሆነ እንጂ ይህን ትነት አያስቀረውም። ስፕሬይ የግድ ካስፈለገ ከቤት ውጭ፣ ነፋሱ ከጀርባ ሆኖ፣ ልጁ ራቅ ብሎ ይሁን። የተዘጋ ሚርፔሴትና ሚግላሃት ክፍል ውጭ አይባሉም።

ከዚህ የሚብሰው እሳቱ ነው። የአሟሚ ፈሳሽ ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበተንም፤ በወለሉ ላይ እየተንሸራተተ ራቅ ወዳለ እሳት ሊደርስ ይችላል። እናት በወዲያኛው ክፍል ቡና ልታፈላ ከሰል አያይዛ፣ ዕጣን እያጨሰች ከሆነ፣ ወይም የሰንበት ሻማ በርቶ ከሆነ፣ በዚያ ቤት ስፕሬይ መርጨት አደጋ ነው። ካልካሩ ራሱ እሳት ከያዘው ጥቁርና መርዛማ ጭስ እያወጣ በፍጥነት ይነዳል፤ የሚቀልጠው ጠብታም ያቃጥላል። በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ከዚህ ሥጋት ያሳርፋል፤ የመምረጡ ትልቁ ምክንያትም ይኸው ነው።

የካልካር ፍሬ በየቤቱ ይበተናል። ገና የሚዳኽ ሕፃን ባለበት ቤት ሥራው ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ ሲያልቅም ወዲያው ይጠረግ። ልጅ ቲነር ወይም ቀለም ከጠጣ ለማስታወክ መሞከር አይገባም፤ ፈሳሹ ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ለማገን ዳቪድ አዶም በ101 መደወል፣ ቆርቆሮውንም ይዞ መቅረብ ያስፈልጋል።

የተበላው ክንፍስ?

በመጀመሪያ የተነሳው የቀዩ ስፕሬይ ክንፍ አበቃለት ማለት አይደለም። መጀመሪያ እጅ ሳይነካው ውጭ ይቀመጥና አንድ ሙሉ ቀን ይናፈስ፤ አሟሚው ተንኖ እስኪያልቅ መብላቱን አያቆምምና። ከዚያ የተሸበሸበው ጠንካራ ቅርፊት በስለት ይቆረጥ። ጉድጓዱ ትንሽ ከሆነ በስቱኮ ይሞላል። ትልቅ ከሆነ በልኩ ከሌላ ካልካር ቁራጭ ተቆርጦ በነጭ ኮላ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል። በላዩም የውሃ ቀለም ይቀባል። የተጠገነው ቦታ በጣት ሲዳሰስ ይታወቃል፣ ሰማይ ላይ ግን አይታይም።

ጥገናው አንድ ሁለት ቀን ይፈጅ ይሆናል። ልጁ ያን ጊዜ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ ጉድጓዱን እየሞላ፣ የብርቱካኑን ልጣጭ እያሸ ነው የሚያሳልፈው። «ሳባ፣ ምን ሆነ?» ላለው ጥያቄም አሁን መልስ አለ፦ «የብረት ቀለም ካልካር ይበላል፤ በውሃ የሚታጠበው አይበላም።» በሚቀጥለው ጊዜ ሱቅ ውስጥ ቆርቆሮውን አገላብጦ ደቃቁን ፊደል የሚያነበው ልጁ ነው፤ የትኛውን ቃል እንደሚፈልግ የሚነግሩት ግን አያቱ ናቸው።